የኮከቦቹን ማሽን ያጠፋሁ ዕለት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ክረምት ዕረፍታችሁ ጻፉ ተብለን አራት መስመር ሄድኩና አምስተኛው ጠፋኝ፤ ደብተሬን ከድኜ ቁጭ አልኩ። መምህሩም አልጠየቀኝም። ዝም የምትል ልጅ ክፍል ውስጥ አትታይም። ትምህርቴም በዚያው ዓመት ቆመ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የገበያ ዝርዝር ነው፤ እሱም ጨው፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና የሚል።

አሁን ግን ልጽፈው የፈለግኩት አንድ ነገር አለ። ለሰው በአፌ ልናገረው ስል ፊቴ ይግላል፤ ጀምሬ እተወዋለሁ። ወረቀት አፍጥጦ አያይም። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እሞክራለሁ።

የተወለድኩት ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው የአገዎች ቋንቋ አውኚ ነው፤ አማርኛን ያወቅኩት ትምህርት ቤትና ገበያ ነው። አባቴ እንደ አካባቢው ሰው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፣ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። እንጨቱ ይከመራል፣ ሣር ይለብሳል፣ በላዩ አፈር ይደፋበታል፣ ከዚያ በአንድ በኩል እሳት ይለኮስበታል። ክምሩ ውስጥ ውስጡን ለቀናት ይበስላል። ከፍቶ ማየት የለም፤ አየር ከገባበት ከሰሉ አመድ ይሆናል።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ አባቴ አንድ ቀን ክምሩን እንድጠብቅ ትቶኝ ሄደ። በአንዱ ጎን አፈሩ ሰንጠቅ ብሎ አየሁ። እጄን ሳስጠጋ ያቃጥላል። አፈር ልመልስበት እችል ነበር፤ ግን ሳልታዘዝ መንካት ፈራሁና አባቴን ልጠራ ሮጥኩ። ስንመለስ ክምሩ ነበልባል ሆኗል። አባቴ አልመታኝም። «ሲግል ካየሽ ሰው አትጠብቂ፤ ቶሎ አፍኚው» ብቻ አለኝ። ከተማርኩት ፊደል ይልቅ ይቺን ንግግር አጥብቄ ያዝኳት።

እንጅባራ የመጣሁት ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው። የቀጠረችኝ ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ የምታስተምር፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ያልሞላ ሴት ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላታል፤ እኔም እንደዚያው። «አንቱ አትበይኝ፣ እንደ እህትሽ ነኝ» ብላኝ ነበር። በአፌ ፈጽሞ አልሆነልኝም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እንደፈለገችው እሷ እላታለሁ።

የምንኖረው በአንዲት ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ግቢ ውስጥ፣ ቲቸር በተከራየቻቸው ሁለት ክፍሎች ነበር። አከራያችንን እማማ እንላቸዋለን። እማማ ሲናገሩ ድምፃቸው ከአጥሩ ውጭ ይሰማል፤ ሲያስሉ እንኳ የተቆጡ ይመስላል። በመጀመሪያው ወር እሳቸው በረንዳው ላይ ካሉ እኔ በጓሮ ነበር የምዞረው።

ቲቸር ከማስተማሯ ሌላ ራሷም ተማሪ ነበረች። የምታጠናው ኮከብ ነው ሲሉኝ ማታ ማታ ደጅ ቆማ ሰማይ የምታይ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ማታ ትተኛለች፤ ቀን ቀን ላፕቶፗ ላይ ታፈጣለች። ይህ ነገር ለእማማ አይዋጥላቸውም።

«አንቺ፣» ይሉኛል፣ «ይቺ አለቃሽ ኮከብ የምታየው በቀን ነው?»

«አላውቅም እማማ።»

«ክረምቱን ሙሉ ጉም ነው። እኔ ከግንቦት ወዲህ ኮከብ አላየሁም። እሷ ከየት አመጣችው?»

እኔም ከየት እንዳመጣችው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ግን ሻይ ላቀርብላት ስገባ ላፕቶፑ ላይ ወጣ ገባ እያለ የሚሄድ መስመር አየሁ። እናቴ ታማ ሆስፒታል የወሰድናት ጊዜ ደረቷ ላይ ገመድ አጣብቀው ያሳዩን ዓይነት መስመር ነው። ደነገጥኩ።

«ቲቸር፣ ማን ታሞ ነው?»

«ማንም አልታመመ። የኮከብ ነው።»

«ኮከብ ልብ አለው እንዴ?»

እስክትንፈራፈር ሳቀች። እኔ ፊቴን በሻሼ ጫፍ ሸፈንኩ። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ቀን በፊት ወንበር ስቦ ያስቀመጠኝ ሰው አላስታውስም።

«ይኸውልሽ፣ እዚህ ያሉት ሁለት ኮከቦች ናቸው» አለችኝ። «ጥንድ ናቸው። አንዱ ትልቅ ነው። አንዱ ደግሞ ሞቶ ተኮማትሯል፤ ትንሽ ነው፣ ግን እጅግ ከባድ። አንዱ ሌላውን እየዞረ ነው የሚኖሩት። ትንሹ የትልቁን ገላ እየሳበ ይበላዋል።»

«ሲበላው ዝም ይለዋል?»

«ምን ያድርግ? ተያይዘዋል፤ መላቀቅ የለም። የተሳበው ነገር ወደ ትንሹ ሲወርድ እየተሽከረከረ ይግላል። ከመጋሉ ብዛት ራጅ ያወጣል።»

«ሆስፒታል የሚያነሡት ራጅ?»

«እሱኑ። ሌላም ዓይናችን የማያየው ብርሃን አለ፤ አልትራቫዮሌት ይባላል። ሁለቱንም አየሩ ያስቀርልናል። ባያስቀር ያቃጥሉን ነበር። ግን ካስቀረው ደግሞ ከመሬት ሆነን ልናየው አንችልም። ስለዚህ ቴሌስኮፑን በሮኬት ከአየሩ በላይ ያወጡታል። እዚያ ሆኖ ያየውን በቁጥር አድርጎ ይልካል፤ ቁጥሩን ቆይተው ለማንም ሰው ይከፍቱታል። እኔ ከዚህ ከእንጅባራ አወርደዋለሁ።»

«ጉም ቢኖርም?»

«ጉሙ ከእሱ በታች ነው። የሚያስቸግረኝ ጉም ሳይሆን ኔትወርክ ነው።»

እውነቷን ነበር። ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው ሰፈርተኛው ቤተ ክርስቲያን በሚውልበት እሑድ ጠዋት ብቻ ስለነበር የኮከቦቿን ቁጥር ስታወርድ ስንት እሑድ ፈጀባት።

ከዚያ በኋላ ሽንኩርት እየከተፍኩም ቢሆን ታወራኛለች። ኳሳር ስለሚባለው የነገረችኝ እንዲሁ ነው። ኳሳር በቴሌስኮፕ ሲታይ ኮከብ ይመስላል፣ ግን አይደለም። በጣም ሩቅ ነው፤ መካከሉ ላይ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ግዙፍ ጥቁር ነገር አለ፣ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ እየሳበ ይውጣል። ሊዋጥ የተቃረበው ነገር ነው ግሎ የሚያበራው። ያ የሞተው ትንሽ ኮከብ የሚያደርገውን ኳሳሩም ያደርጋል። ትንሹ በደቂቃ ደመቅ ፈዘዝ የሚለውን ትልቁ በዓመታት ነው የሚለው። የቲቸር ጥያቄ የሁለቱ መደመቅና መፍዘዝ ምት አንድ ዓይነት ነው ወይ የሚል ነበር። አንድ ከሆነ ትንሹን አይቶ የትልቁን ጠባይ ማወቅ ይቻላል።

ያን ጊዜ ነው ሳልጠየቅ ረጅም ነገር የተናገርኩት። «አባቴም የከሰሉን ሆድ አያይም» አልኳት። «ጭሱ ነጭና ወፍራም ከሆነ እንጨቱ ገና ውኃ አለው። እየቀጠነ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ደርሷል ማለት ነው።»

ቲቸር ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችና ሽንኩርቱን እሷ መክተፍ ጀመረች። «እስቲ ቀጥዪ» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለተቃጠለው ክምር ግን አልነገርኳትም።

ነሐሴ ላይ ጊዜው ጠበበ። ባሕር ዳር ያለው አማካሪዋ የመጨረሻውን ውጤት እስከሚቀጥለው ሰኞ ካላገኘ የዚያ ዓመት ምርቃት እንደሚያልፋት ነገራት። ኮሌጁ የሰጣት የትምህርት ፈቃድ ደግሞ በዚያው ዓመት ያልቃል። የቀራት አንድ ሥራ ነበር፤ ያየችው ምት እውነተኛ ነው ወይስ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ? ይህን ለማወቅ ላፕቶፑ የውሸት መስመሮችን በብዙ ሺህ እየሠራ ከእውነተኛው ጋር ማስተያየት አለበት። ለዚህ አራት ቀን ሳይቋረጥ መሥራት ነበረበት።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ባትሪው ሞቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ድርግም ይላል። መብራት ቢሄድ ግማሽ ሰዓት የሚያቆይ ሣጥን መሳይ ነገር ከጓደኛዋ ተውሳ አመጣች። የቀሩት እማማ ነበሩ። እማማ አንድ ክረምት መብረቅ ሲወድቅ የቤታቸው ሽቦ ጨሶባቸው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ሮጠው ቆጣሪው ጋ ይሄዱና የግቢውን መብራት በሙሉ ያጠፋሉ፤ ሰማዩ ጭጭ እስኪል አያበሩትም። ቲቸር እሑድ ዕለት ገብታ ለመነቻቸው።

«አራት ቀን ብቻ እማማ። ቢያጉረመርምም።»

«ቤቴ ቢቃጠልስ?»

«አይቃጠልም፤ ሽቦው ታድሷል።»

«እሺ፣ አልነካውም» አሉ፤ ግን ደስ ሳይላቸው።

ሰኞ ጠዋት ተጀመረ። ማንም እንዳይነካው ብላኝ እሷ ወደ ሥራዋ ሄደች። ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ኮሌጁ ስብሰባ ጠርቷት ብቻዬን ነበርኩ። ወለል ሳጸዳ የላፕቶፑ ማራገቢያ ድምፁ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ እንደ ንብ ነበር፤ አሁን እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር። የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ነካው። በጎኑ በኩል እጄን ሳስጠጋ የሚወጣው አየር ያቃጥላል።

ስልክ መደወል እጠላለሁ፤ ሁለቴ ግን ደወልኩላት። ስልኳ ዝግ ነው። ውጭ ያጉረመርማል። ላፕቶፑ እየባሰበት ሄደ። ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ያ የተሰነጠቀ አፈር ብቻ ነው። ሦስት ቀን የበሰለ ነገር ዓይኔ እያየ ሊነድ ነው ብዬ አሰብኩ። ክዳኑን ዘጋሁት፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ አቅፌ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አስተኛሁት። ጸጥ አለ። እኔም ተነፈስኩ። ያዳንኩት መስሎኝ ነበር።

ሲበርድ ቦታው መለስኩና ገመዱን ሰካሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ። ማታና ጠዋት እየጨመረ ሲሄድ አየው የነበረው ቁጥር የለም። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ባዶ መስኮት ብቻ። 

ቲቸር መጥታ ከፈተችው።  ጥርሷ ከንፈሯ ላይ ነበር።

«መብራት ሄዶ ነበር?» አለችኝ።

አዎም አይደለምም አላልኩም። አንገቴን ነቀነቅኩ። እንዴት እንደነቀነቅኩት እኔም አላውቅም፤ እሷ ግን አዎ ብላ ወሰደችው። ወጥታ በአጥሩ በኩል ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጠራችው።

«እናንተ ጋ ዛሬ መብራት ሄዶ ነበር?»

«ኧረ ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ነው የዋልኩት!»

እንግዲህ የሰፈሩ መብራት ካልሄደ የጠፋው ከቆጣሪያችን ነው ማለት ነው። ቲቸር ቀጥ ብላ ወደ እማማ በረንዳ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

«እማማ፣ ለምኜዎት አልነበረም?»

«ምን አደረግኩሽ ደግሞ?»

«ሰማዩ ሲያጉረመርም ቆጣሪውን አጥፍተውታል። የሦስት ቀን ሥራዬ ነው የሄደው! አልነካውም ብለውኝ አልነበር?»

እማማ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ በቲቸር ትከሻ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አፋቸውን መልሰው ገጠሙት።

«ነካሁ አልነካሁ፣ ቆጣሪው የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግቢውም የእኔ ነው። ካልተስማማሽ በሩ ክፍት ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ እለቃለሁ።»

«ልቀቂ!»

ቲቸር ያን ቀን አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዳንግላ ያለች ጓደኛዋ ጋ ደወለች። ሥራው እንደገና ሲጀመር አራት ቀን ይፈልጋል፤ ሐሙስ ካልጀመረ ለሰኞ አይደርስም። እንጅባራ ከሆነ እማማ እንደገና ያጠፉታል ብላ ስለፈራች ጠዋት ላፕቶፑን ይዘን ዳንግላ እንድንሄድ ወሰነች። ዕቃችንን ደግሞ በሳምንቱ እናወጣለን አለች።

ሐሙስ ማልደን ሚኒባስ ያዝን። ላፕቶፑ እንዳይመታ በጋቢ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አዩት።

«ድፎ ነው ልጄ? የማን ተዝካር ነው?»

«ድፎ አይደለም እማማ። ኮምፒውተር ነው።»

«እና ብርድ ይመታዋል?»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። ቲቸር መስኮቱን እያየች ነው፤ አልሳቀችም።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያዎች ተደርድረው ጭነት ይጠብቃሉ።  አባቴ አንዱ ጋ የቆመ መሰለኝ፤ አልነበረም። ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት ሚኒባሱ ተነሣ፣ መልሼ ዘጋሁት። ሰው በተሞላበት መናገር አልቻልኩም።

ዳንግላ መናኸሪያው በር ላይ ጋሪ ያዝን። ባለጋሪው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነበር፤ ፈረሱን እንደ ልጅ ያወራዋል። ጥቂት እንደሄድን ቲቸር እንዲህ አለች፣ ለእኔም ለራሷም ይመስላል፣ «እናቴ መስላኝ ነበር እኮ። እንዲህ ትጨክንብኛለች ብዬ አላሰብኩም።»

እማማን ማለቷ ነው። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ቲቸር፣ ጋሪው ይቁም።»

«ምን ሆንሽ? አቅለሸለሸሽ?»

«እማማ አላጠፉም።»

«ምን?»

«ቆጣሪውን አልነኩም። እኔ ነኝ። ጋለብኝ፤ ሊነድ መሰለኝ። ክዳኑን ዘጋሁት፣ ገመዱን ነቀልኩት።»

ባለጋሪው ልጓሙን ሳበ። ቲቸር ፊቷን አዞረች። ፊት ለፊታችን አንድ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ። ባለጋሪው ትንሽ ጠብቆ፣ «እንሂድ ወይስ ትጨርሳላችሁ?» አለ። 

«ለምንድን ነው የዘጋሽው?» አለችኝ። ድምጿ ዝቅ ብሏል።

ያን ጊዜ ስለተቃጠለው ክምር ነገርኳት። አሥር ዓመቴ እንደነበረ፣ እጄን እንዳስጠጋሁ፣ እንደሮጥኩ፣ አባቴ ምን እንዳለኝ። 

«ሲጮህና ሲግል እየሠራ ነው ማለት ነው» አለችኝ። «አላቃጠለም፤ ማራገቢያው ሙቀቱን እያወጣው ነበር። ይህን ማንም አልነገረሽም። አንቺን ብቻ አልወቅስም፤ በየሰዓቱ የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነበረብኝ። ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ተውኩት።»

አለቀ ብዬ ሳስብ ቀጠለች።

«መዝጋትሽ አይደለም የከፋኝ። እማማን ያን ሁሉ ስናገር ከኋላዬ ቆመሽ ነበር።»

ጋቢውን ላፕቶፑ ላይ ደግሜ ጠቀለልኩት። 

«እንመለስ» አለችው ባለጋሪውን።

«አሁን ከመናኸሪያ አይደል ያመጣኋችሁ?»

«አዎ። ወደዚያው መልሰን።»

«ፈረሱ ምን ይለኛል?» አለና አዞረው።

እንጅባራ ስንደርስ ቀትር አልፎ ነበር። ቲቸር ላፕቶፑን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ እማማ ገባች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች። «አጠፋሁ እማማ። በሐሰት ተናገርኩዎት።»

«ተነሽ፣ ተነሽ፣ እሱ ነው የሚያመኝ ጉልበቴ» አሉ እማማ። ሊቆጡ ፈልገው አልሆነላቸውም። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቲቸር ያጠፋው ማን እንደሆነ አልነገረቻቸውም፤ ለእኔ ተወችው። እኔም ያን ቀን አልተናገርኩም።

ሥራው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደገና ተጀመረ፤ አሁን በየሰዓቱ የደረሰበትን ያስቀምጣል። ለሰኞ ማታ ለጥቂት ይደርሳል አለችኝ። ለእኔ የሰጠችኝ ሥራ አጠገቡ መቀመጥ ነበር። የትኛው ድምፅ ደህና እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ መስኮት ለመክፈት እንደሚያስፈልግ አሳየችኝ። ከሥሩ ሁለት የክብሪት ቀፎ አስገብተን ከፍ አደረግነው፤ አየር እንዲያገኝ። ከሰል ስጠብቅ እንዳደግኩ ደግሜ ሳልነግራት ታስታውሳለች፤ ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ክፍል ያስወጣኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ አጉረመረመ። እንዲያ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ክፍላችን መጡና መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ምነው እማማ?» አለች ቲቸር።

«እዚያ ብቻዬን ከሆንኩ እግሬ ራሱ ቆጣሪው ጋ ይወስደኛል። እዚህ ያዙኝ።»

እጆቻቸውን ነጠላው ውስጥ ቀብረው ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆዩ። መብረቁ ሲበረታ፣ ፍርሃታቸውን ለመርሳት ነው መሰለኝ፣ ወደ ላፕቶፑ ዞሩ።

«ያ ባልንጀራውን የሚበላው የትኛው ነው?»

ቲቸር በጣቷ አሳየቻቸው።

«አፈር ይብላ!» አሉ እማማ።

መብራት አንዴ ሄዶ በሃያ ደቂቃ ውስጥ መጣ። ሣጥኑ ያዘው። ሰኞ አመሻሽ ላይ ቁጥሩ መጨረሻው ደረሰና ቆመ። ቲቸር ጠጋ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እኔ ፊቷን ነው የማየው።

«ምን ሆነ?»

«የጥንዶቹ ምት እውነት ነው» አለችኝ። «የኳሳሩ ግን እንዲሁ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። አንድ ናቸው ለማለት አልችልም።»

«መጥፎ ነው?»

«አይደለም። ሳላጣራ አንድ ናቸው ብዬ ልኬው ቢሆን ነበር መጥፎ። የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።»

የዚያኑ ዕለት ላከችው። አማካሪዋም ተቀበለው፤ በዚያው ዓመት ተመረቀች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ከተማ ተመድባ ሄደች። እኔ እንጅባራ ቀርቼ አሁን የምሠራው ለእማማ ነው።

ውጤቱ በተላከ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን ግን ገና አልተናገርኩም። እማማ ጓዳቸው ውስጥ ድስት ጥደው ነበር። ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩትን ቃል ይዤ ገባሁ።

«እማማ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። ቲቸር ጠይቃለች፤ እኔ ግን አልጠየቅኩም። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ።

«ቲቸር ነገረችዎት?»

«እሷ ምን ትነግረኛለች። በረንዳ ላይ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር፤ በራችሁ ክፍት ነው። እንደ አራስ ልጅ አቅፈሽ ወለሉ ላይ ስታስተኚው አይቼሻለሁ።»

ድስቱን ያማስላሉ። እኔ የምይዘው ነገር አጥቼ የበሩን መቃን ይዣለሁ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ስትናገርዎት ለምን ዝም አሉ?»

ያን ጊዜ ዞሩ። እንደ ሁልጊዜው ነው የጮኹብኝ፤ ድምፃቸው ከአጥር ውጭ ሳይሰማ አልቀረም።

«እኔን ብትሰድበኝ ቤቴ ውስጥ ነኝ! ለቃ ብትሄድ ሌላ ተከራይ ይመጣል። አንቺን በዚያ ንዴቷ ብታባርርሽ በዚያ ዝናብ ወዴት ልትሄጂ ነበር? በይ አሁን ቁጭ በይና ድንቹን ላጪ፣ ውኃው ፈልቷል።»